ኅዳር ሲታጠን፦ ሰፈር ራሱን የሚጠርግበት ቀን ከየት መጣ?

ኅዳር 12 በደረሰ ቁጥር አዲስ አበባ ላይ ሁለት ዓይነት ሰው ይታያል። አንደኛው ደጁን ጠርጎ፣ ቆሻሻውን ቆልሎ ክብሪት የሚጭረው ነው። ሁለተኛው መስኮቱን ዘግቶ፣ እያሳለ፣ ስለ አየር ብክለት ፌስቡክ ላይ የሚጽፈው ነው። ሁለቱም እውነት አላቸው። ክርክሩ ግን ሁልጊዜ ጭሱ ላይ ይጀምርና ጭሱ ላይ ያልቃል። መጥረጊያውን የሚያነሳው የለም። እኔ ዛሬ ስለ መጥረጊያው ነው የማወራው።

ወደ 1911 ዓ.ም. እንመለስ። ያ ኅዳር ለዓለም የደስታ ወር ነበር፤ አንደኛው የዓለም ጦርነት ያበቃው ኅዳር 2 ቀን ነው። ለአዲስ አበባ ግን የመዓት ወር ሆነ። ዓለም "የስፔን ጉንፋን" ያለው፣ የእኛ ሰው ደግሞ "የኅዳር በሽታ" ብሎ የጠራው ወረርሽኝ ከተማዋን ያዘ። የጅቡቲው ባቡር አዲስ አበባ ከገባ ገና ሁለት ዓመት አልሞላውም። ከተማዋን ከባሕር በር ጋር ያገናኘው ሐዲድ ሸቀጥ ብቻ መርጦ የሚያመጣ አልነበረም።

አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ራሳቸው ታመው ለጥቂት ተርፈዋል። በኋላ በጻፉት የሕይወት ታሪካቸው በአዲስ አበባ ብቻ ከ10,000 በላይ ሰው እንደሞተ መዝግበዋል። መቶ ሺህ ሕዝብ እንኳ በማይሞላባት ከተማ ማለት ነው። የቀባሪ እጥረት ነበር። ታማሚ ታማሚን ያስታምማል፤ የሚቆፍረው ሰው ራሱ በነጋታው ይወድቃል። ፍትሐት የሌለው ቀብር፣ ለቅሶ የሌለው ሞት። ለሐበሻ ከዚህ የከፋ ነገር ምን አለ? አያቶቻችን ስለዚያ ዘመን ሲያወሩ ከሞቱ ይልቅ ያለ ወግ መቀበሩን የሚያስቀድሙት ለዚህ ይመስለኛል።

እንግዲህ የዚያን ጊዜዋን አዲስ አበባ ዛሬ እንደምናውቃት አድርገን አንሳላት። ከተማዋ ከተቆረቆረች ሠላሳ ዓመት ትንሽ ቢያልፋት ነው። የጦር ሰፈሮች ስብስብ ነበረች፦ አንዱ ራስ ከነጭፍራው እዚህ ኮረብታ ላይ፣ ሌላው ደጃዝማች እዚያኛው ላይ፣ በመሃል ገደልና ወንዝ። "ሰፈር" የሚለው ቃላችንም የመጣው ከዚሁ ከመስፈር ነው። ውቤ በረሃ፣ ራስ ሙሉጌታ ሰፈር፣ ሠራተኛ ሰፈር፣ ወሎ ሰፈር ስንል አሁንም የምንጠራው ያንን አሰፋፈር ነው። ቆሻሻ የሚያነሳ መኪና የለም። ገንዳ የለም። የቤት ጥራጊ የሚጣለው ወደ ገደሉ ወይም ወደ ወንዙ ሲሆን የተረፈውን ሌሊት ጅብ ያነሳዋል። በጊዜው የመጡ የውጭ አገር ተጓዦች የአዲስ አበባ የጽዳት ሠራተኛ ጅብ ነው እያሉ ጽፈዋል። ስድብ ይመስላል እንጂ ነገሩ እውነት ነበር። በዚያ ኅዳር ግን ጅቡ የሚያገኘው የቤት ጥራጊ ብቻ አልሆነም። ዝርዝሩን ልተወው።

ሕዝቡ ምን አደረገ? በእጁ ያለውን መድኃኒት አነሳ፤ ጭስን።

ይህን ለመረዳት ጓዳችን መግባት ይበቃል። የጠላ ጋን የሚጸዳው ታጥቦ ብቻ አይደለም፤ በወይራ ወይም በጥንጁት ይታጠናል። የወተት ዕቃም እንደዚያው። ቤት እንግዳ ሲጠብቅ ዕጣን ይጨሳል። አራስ ትታጠናለች። በእኛ ባህል አንድ ነገር "ጸዳ" የሚባለው ታጥቦ ብቻ ሳይሆን ታጥኖም ነው። ስለዚህ ከተማ ሙሉ ሲታመም ከተማዋን ማጠን ለሰው የሚከብድ ሐሳብ አልነበረም። ቆሻሻው ከየቤቱ፣ ከየጓሮው፣ ከየአጥሩ ሥር ወጥቶ ተቃጠለ። ኅዳር 12 ደግሞ የቅዱስ ሚካኤል ዓመታዊ በዓል ነው። በሽታው የቀለለበት ጊዜና በዓሉ በሰው ልብ ውስጥ ተያያዙ፤ ቀኑም "ኅዳር ሲታጠን" የሚል ስም ይዞ ቀረ።

በሕክምና ዓይን ካየነው ጭሱ ለጉንፋኑ አንዳች አልፈየደም። ኢንፍሉዌንዛ ከሰው ወደ ሰው በትንፋሽ የሚተላለፍ ቫይረስ ነው፤ የሰው ኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ በላቦራቶሪ የተለየው እንኳ ከአሥራ አምስት ዓመት በኋላ፣ በፈረንጆች 1933 ነው። ስለዚህ አያቶቻችንን "እንዴት አላወቁም" ማለት አይቻልም፤ የፓሪስና የለንደን ሐኪሞችም አላወቁም።

እኔን የሚገርመኝ ሌላ ነው። ልማዱ ከመቶ ዓመት በላይ እንዴት ቆየ?

እስቲ ከቅርባችን ጋር እናወዳድረው። መጋቢት 2012 የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ ሲገለጽ አዲስ አበባ በአንድ ሳምንት ውስጥ ሌላ ከተማ ሆና ነበር። በየበሩ፣ በየሱቁ፣ በየመንደሩ መግቢያ ቧንቧ የተገጠመለት በርሜል፣ ጀሪካን፣ ሳሙና። ወጣቶች በፈቃዳቸው ቆመው አላፊ አግዳሚውን እጅ ያስታጥቡ ነበር። ያ ሁሉ በርሜል ዛሬ የት አለ? ወራት አልፈጀም፤ መጀመሪያ ሳሙናው ጠፋ፣ ቀጥሎ ውሃው፣ ከዚያ ቧንቧው ተነቀለ። ኅዳር 12 ግን በአምስት መንግሥት ውስጥ አልፎ ዛሬም አለ።

እንደ እኔ ግምት ምክንያቱ ሦስት ነገር አንድ ላይ መግጠሙ ነው። ቀኑ የታወቀ ነው፤ ማንም ደብዳቤ መበተን፣ ማንም በሞንታርቦ መዞር አይጠበቅበትም። ድርሻው የታወቀ ነው፤ እያንዳንዱ የራሱን ደጅ ነው የሚጠርገው፣ ያልጠረገው ደጅ ደግሞ ለሁሉም ይታያል። ሦስተኛው፣ ገንዘብ አይጠይቅም። ክርስቲያን ሙስሊም፣ ባለ ቪላ ባለ ጭቃ ቤት ሳይል የሚያሳትፈውም ለዚህ ነው። ጎረቤትህ ወጥቶ እየጠረገ አንተ ቤትህ መቀመጥ ያሳፍርሃል። ይሉኝታ ብዙ ጊዜ እንደ ድክመታችን ይነሳል። ለሰፈር ጽዳት ግን ከደንብ አስከባሪ የበለጠ ሲሠራ ያየሁት ይሉኝታን ነው።

* * *

ይሉኝታን ወደ ተቋም የቀየረው ግን እድር ነው።

እድር በአዲስ አበባ የተስፋፋው ከወረርሽኙ በኋላ በነበሩት አሥርት ዓመታት ነው። ከየክፍለ ሀገሩ የመጣ፣ ዘመዱ ሩቅ የሆነ ሰው ሲሞት ማን ይቅበረው? ጎረቤት። ጎረቤት ደግሞ በቃል ብቻ አይያዝም። ስለዚህ ዳኛ፣ ጸሐፊ፣ ገንዘብ ያዥ፣ ጡሩምባ ነፊ ተሾመ፤ ድንኳን፣ ወንበርና ብረት ድስት ተገዛ፤ ቀብር የቀረ ይቀጣል ተባለ። ቅጣቱን አትናቁት። እናቴ የሴቶች እድር ቅጣት ላለመክፈል ትኩሳት ይዟት ሰልስት ስትሄድ አይቻለሁ። ብሩ አምስት ብር ነበር። ያስፈራት ብሩ ሳይሆን ስሟ በስብሰባ መነበቡ ነው።

ይህን የመሰለ መዋቅር ያለው ሰፈር ሌላም ነገር መሥራት ይችላል፤ ሠርቷልም። በንጉሡ ዘመን፣ በ1950ዎቹና በ60ዎቹ መጀመሪያ፣ አንዳንድ እድሮች ከቀብር አልፈው መንገድ ጠጠር ያለብሱ፣ የውሃ ቦኖ ያስገቡ፣ የሌሊት ዘበኛ ይቀጥሩ ነበር። ማዘጋጃ ቤት ያልደረሰበት ቦታ እድር ደርሷል። ሰፈሩን የሚጠብቀው ሰው ሰፈሩ ውስጥ የሚቀበር ሰው ነው፤ ሒሳቡ ቀላል ነበር።

ከዚያ ሐምሌ 1967 መጣ። የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በአዋጅ ቁጥር 47 የመንግሥት ሆነ። ኪራያቸው ከመቶ ብር በታች የሆኑት ቤቶች በቀበሌ፣ ከዚያ በላይ ያሉት በኪራይ ቤቶች እጅ ገቡ። ለድሃው ተከራይ ትልቅ እፎይታ ነበር፤ ይህን መካድ ግፍ ነው። ግን በጣም የተቀነሰው ኪራይ ቆርቆሮ ለመቀየር እንኳ አይበቃም። ባለቤት የለ፣ ተከራዩ ደግሞ "የመንግሥት ቤት ነው" ይላል፣ ቀበሌው በጀት የለውም። አርባ ዓመት እንዲህ ቆየን። የመሃል ከተማ ቤቶች ማርጀታቸው አያስገርምም፤ ዛሬ "የደቀቀ ሰፈር" እየተባሉ የፈረሱት ብዙዎቹ ያ ሒሳብ ያደቀቃቸው ናቸው። አንድ የጋራ መጸዳጃ አሥር አባወራ የሚጠቀምበት ግቢ ውስጥ ያደገ ሰው የማወራው ይገባዋል። ተራ የወጣለት መጸዳጃ ንጹሕ ነው። ተራ የሌለው አይገባበትም። ልዩነቱ በር ላይ የተለጠፈ የስም ዝርዝር ነው።

ጽዳትም ቀበሌ ገባ። እሑድ ጠዋት "የጽዳት ዘመቻ"፣ የቀረ ይመዘገባል። እድርም ይመዘግባል፤ ቀበሌም ይመዘግባል። ግን የእድሩን መዝገብ የያዘው ጎረቤትህ ነው፣ ሲሞትብህ ድንኳን የሚተክልልህ። ቀበሌው ጠዋት ለመጥረጊያ የጠራህ፣ በዚያ በቀይ ሽብር ዘመን ማታ ልጅህን ፍለጋ በርህን የሚያንኳኳ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለ ቢሮ የጠራውን ዘመቻ ሰው በአካል ይወጣል፤ ልቡ ግን ቤቱ ይቀራል። "ዘመቻ" የሚለው ቃል እስካሁን ፊታችንን የሚያጨፈግገን ከዚያ የተረፈን ይመስለኛል።

ጋሽ አበራ ሞላን የማያስታውስ አለ? አርቲስት ስለሺ ደምሴ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ክራሩን ይዞ ሲነሳ ያደረገው ቁም ነገር ጽዳትን ከዘመቻ ወደ ሰፈር መመለሱ ነው። ሽንት የሚሸናበት ጥግ አበባ ተተከለበት፣ ድንጋዩ ቀለም ተቀባ፣ ሥራ ያጡ የሰፈር ልጆች "ይቺ የእኛ ናት" ማለት ጀመሩ። ያኔ ልጆች ነበርን፤ አበባው ላይ ኳስ የወደቀበት ልጅ ምን ዓይነት ኩርኩም እንደሚቀምስ አውቃለሁ። ከእነዚያ አትክልቶች ብዙዎቹ ዛሬ የሉም። የቀሩት ውሃ የሚያጠጣ፣ በስም የሚታወቅ ሰው የነበራቸው ናቸው።

አሁን ወደ ጭሱ።

የ1911 ጥራጊ ምን ነበር? ቅጠል፣ ገለባ፣ አመድ፣ እበት፣ የእንሰሳ አጥንት። የዛሬው ፌስታል፣ የውሃ ጠርሙስ፣ የሕፃናት ዳይፐር፣ የቴሌቪዥን ካርቶን ከነፎሙ ነው። ፕላስቲክ ሲቃጠል የሚወጣው ጭስ መርዝ ነው፤ በዚያ ላይ አስም ያለበት ሕፃን ያለበትን ቤት አስቡ። የበሽታ መታሰቢያ የሆነው ቀን ራሱ የሚያሳምም ሆኗል። ስለዚህ መስኮቱን የዘጋው ሰው ትክክል ነው። ግን "ኅዳር 12 ይቅር" ሲል አልስማማም። እሳቱ ይቅር፤ ቀኑ ይቆይ። ጠርሙሱና ቆርቆሮው ለቆራሌው ይለይ፤ የተረፈው በጆንያ ታስሮ የሰፈሩ ቆሻሻ ሰብሳቢ ማኅበር ይውሰደው። ለእነሱ በየወሩ ከውሃ ሒሳብ ጋር እየከፈልን አይደል? ያን ዕለት ተጨማሪ መኪና እንዲመጣ ወረዳውን ቀድሞ መጠየቅ የእድር ዳኛ ሥራ ቢሆን ምን ይከብዳል?

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ከደጃችን የተነሳው ቆሻሻ የሆነ ቦታ ያርፋል። መጋቢት 2 ቀን 2009 ቆሼ ሲናድ ከመቶ በላይ ሰዎች ሞተዋል፤ አብዛኞቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። የእኛ ጥራጊ ነበር የተናደባቸው። ሳይለዩ ጆንያ ሞልቶ ማስረከብ የራስን ደጅ አጽድቶ የሌላውን ደጅ መሙላት ነው።

የሚያሳስበኝ ግን ከጭሱ ይልቅ የጠራጊው ነገር ነው። ባለፉት ዓመታት ፒያሳ፣ ካዛንቺስና ሌሎች ሰፈሮች ሲነሱ ነዋሪው ቦሌ አራብሳ፣ ገላን ጉራና ሌላ ሌላ ቦታ ተበተነ። ስለ መንገዱ ማማርና ስለ መብራቱ ብዙ ተብሏል፤ አልደግመውም። እኔ የምጠይቀው እድሩ የት ሄደ ብዬ ነው። አንዳንዱ ገንዘቡን ተካፍሎ ፈረሰ። አንዳንዱ አሁንም አለ፤ አባላቱ በሁለት ታክሲ ተሳፍረው መጥተው ይቀባበራሉ። ለቀብር ሁለት ታክሲ ይያዛል። ደረጃ ለመጥረግ ግን ማንም በሁለት ታክሲ አይመጣም።

አዲሱ ኮንዶሚኒየም ላይ ደረጃው የማን ነው? መሬት ላይ ያለው "አራተኛ ፎቅ ያሉት ናቸው የሚያቆሽሹት" ይላል፤ አራተኛ ፎቅ ያለው "እኔ ደጄ ንጹሕ ነው" ይላል። ቱቦ ሲፈነዳ ኮሚቴው ስብሰባ ይጠራል፤ ከአርባ አባወራ ስምንት ይመጣል። ሰዎቹ ክፉ ሆነው አይደለም። ገና አልተቀባበሩም። አንዱ የሌላውን ልቅሶ አልደረሰም፣ አንዱ ከሌላው ብረት ድስት አልተዋሰም።

ስለዚህ አዲስ ሰፈር ለገባችሁ፦ የጽዳት ኮሚቴ ከማቋቋማችሁ በፊት እድር አቋቁሙ። መዝገብ ግዙ፣ ዳኛ ምረጡ፣ መዋጮው ትንሽ ይሁን፣ ቅጣቱ ግን ይኑር። የመጀመሪያው ስብሰባ ላይ ከቀብሩ ደንብ ጋር የደረጃውን ተራም አስጽፉ። ቀኑ ካላችሁም፣ ኅዳር 12 ለማንም ማስታወቂያ የማያስፈልገው ቀን ነው። መጥረጊያ ይዛችሁ ውጡ፣ ክብሪቱን ቤት ተዉት፤ ጠርጋችሁ ስትጨርሱ ቡናው መሬት ላይ ካለው ቤት ደጃፍ ይፈላ።