የተማሪው መኪናና የመካሪው ወሰን

በአሜሪካ የአውቶሞቲቭ መሐንዲሶች ማኅበር የሚካሄደው የተማሪዎች የሽቅድምድም መኪና ውድድር «ፎርሙላ ኤስ.ኤ.ኢ.» በሚል ስም ይታወቃል። ስለዚህ ውድድር ሲጻፍ አብዛኛውን ጊዜ የሚነሣው ፍጥነቱ፣ ሞተሩና አሸናፊው ነው። እምብዛም የማይነገርለት፣ ለሙያው ግን ከሁሉ ይልቅ የሚጠቅመው የታሪኩ ክፍል፣ ገና ያልተመረቀ ወጣት ከእርሱ የሚበልጠውን ባለሙያ ምን ብሎ እንደሚጠይቅና ባለሙያውም ምን ያህል ሊመልስለት እንደሚፈቀድ የሚያሳየው ነው። (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ የተጀመረው በትንሹ ነው። በ1976 በደቡብ ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ «ሚኒ ባሃ» የተባለ፣ ተማሪዎች ለጭቃና ለጉድባ የሚሆን ተሽከርካሪ ሠርተው የሚወዳደሩበት ዝግጅት ተቋቁሞ ነበር። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1979፣ የሂዩስተን ዩኒቨርሲቲው መምህር ኩርት ማርሼክ የዚህኑ አምሳያ ወደ አስፋልት አመጡት፤ ስሙም «ሚኒ ኢንዲ» ተባለ። ሐሳቡ የተገኘው «ፖፑላር መካኒክስ» በተባለው መጽሔት ከወጣ ጽሑፍ ሲሆን፣ ጽሑፉም በ5 የፈረስ ጉልበት የብሪግስ ኤንድ ስትራተን ሞተር ስለምትሄድ አንዲት ትንሽ የእንጨት መኪና አሠራር የሚያስረዳ ነበር። እንግዲህ የዚህ ሁሉ ታሪክ መነሻ እንኳ የሌላ ሰው ንድፍ ነው። ተወዳዳሪዎቹ ሁሉ ያንኑ ዓይነት ሞተር ተጠቀሙ፤ ሜዳውም የመኪና ማቆሚያ ስፍራ ነበር።

በተከታዩ ዓመት አዘጋጅ ታጣ። በኦስቲን የሚገኘው የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ግን ከመምህራቸው ከሮን ማቲውስ ጋር ሆነው ደንቡን እንደገና አሰናዱ፤ በ1981ም ውድድሩ በአዲስ ስሙ በግቢያቸው ተካሄደ። ከለወጡት ሁሉ ዋናው የሞተሩ ጉዳይ ነው። ማንኛውም ባለ አራት ምት ሞተር እንዲገባ ፈቀዱ፤ ጉልበቱ ከልክ እንዳያልፍ ደግሞ ሞተሩ የሚስበው አየር ሁሉ በአንዲት ጠባብ ቀዳዳ በኩል እንዲገባ አስገደዱ። ይህች ቀዳዳ ኋላ በቤንዚን ለሚሠሩት 20 ሚሊሜትር ሆና ጸንታለች።

የቀዳዳዋ ነገር ትንሽ ይምሰል እንጂ የተማሪውን ኑሮ የለወጠች እርሷ ናት። ሁሉም አንድ ዓይነት ሞተር ሲጠቀም ስለ ሞተሩ ብዙ የሚጠየቅ ነገር አልነበረም። ከሞተር ብስክሌት የተፈታ ሞተር በጠባብ ቀዳዳ እንዲተነፍስ ሲገደድ ግን ፋብሪካው የሰጠው የአየር ማስገቢያ ሁሉ ከንቱ ይሆናል። ቱቦው እንደገና ይነደፋል፤ የነዳጁ መጠን እንደገና ይለካል፤ ማቀዝቀዣው፣ ሰንሰለቱ፣ ሻንሲው፣ ፍሬኑ፣ መሪው ሁሉ ተራ በተራ ጥያቄ ይዞ ይመጣል። የሃያ ዓመት ወጣት ይህን ሁሉ ከክፍል ትምህርቱ ሊያገኘው አይችልም። መጠየቁ ግድ ነው።

መጠየቅ ሊቅ ያደርጋል ይባላል። የውድድሩ ደንብ ግን ለዚህ ብሂል ወሰን አበጅቶለታል። መኪናው በተማሪዎቹ ታስቦ፣ ተነድፎና ተሠርቶ መቅረብ አለበት፤ የሙያ መሐንዲስ፣ ሯጭ ወይም የማሽን ባለሙያ በቀጥታ እንዲገባበት አይፈቀድም። ተማሪዎቹ ማንኛውንም መጽሐፍ ማንበብ፣ ማንኛውንም ባለሙያ ማማከር ይችላሉ። ባለሙያው ግን ሊናገር የሚገባው አማራጮቹን ከነጥቅማቸውና ከነጉዳታቸው ብቻ ነው፤ ይህን አድርጉ ብሎ ሊወስንላቸው ወይም ሥዕል ሊሥልላቸው አይችልም። በንድፍ ክፍል የሠራ መሐንዲስ ሁሉ እንደሚያውቀው ይህን ወሰን ጠብቆ መምከር ንድፉን ራስ ሠርቶ ከመስጠት ይልቅ ይከብዳል። መልሱን እያወቁ ዝም ማለት፣ በተለይ ልጁ ወደ ስሕተት ሲያመራ እያዩ፣ ቀላል ትዕግሥት አይደለም።

ደንቡ ወረቀት ብቻ ሆኖ ያልቀረው የነጥብ አሰጣጡ ስለደገፈው ነው። ከ1,000 ነጥብ ውስጥ 325ቱ የሚሰጠው መኪናው ቆሞ ሳለ ሲሆን፣ ከዚህም 150ው ለንድፍ፣ 100ው ለወጪ ስሌት፣ 75ቱ ለንግድ ገለጻ ነው። የንድፍ ዳኞች መኪናውን ከበው ለምን ይህን ቧንቧ መረጣችሁ፣ ለምን ይህን ሞላ፣ ለምን ይህን ቁመት እያሉ ይጠይቃሉ። መልሱን ከሌላ ሰው የተቀበለ ተማሪ የመጀመሪያውን «ለምን» ይመልስ ይሆናል፤ ሁለተኛው ላይ ይያዛል።

ከእነዚህ ዳኞች መካከል ስማቸው ጎልቶ የሚነሣው ካሮል ስሚዝ ናቸው። ስሚዝ በ1960ዎቹ በፎርድ ጂ.ቲ.40 የሌ ማን ዘመቻ ከካሮል ሼልቢ ጋር የሠሩ ሰው ሲሆኑ፣ የሽቅድምድም ሙያን በጋራዥ ቋንቋ የሚያስተምሩ ተከታታይ መጻሕፍት ጽፈዋል። «ፕሪፔር ቱ ዊን» በ1975፣ «ቲዩን ቱ ዊን» በ1978፣ «ኢንጂኒር ቱ ዊን» በ1984 ታተሙ። በ1990 ደግሞ አብዛኛው ስለ ቡሎን፣ ስለ ዳዶና ስለ ማሰሪያ የሚናገር አንድ ሙሉ መጽሐፍ አወጡ፤ ይህም ለተማሪ ከሁሉ የበለጠው ስጦታቸው ሳይሆን አይቀርም፤ ብዙ መኪና ከሜዳ የሚወጣው በትልቅ ስሌት ስሕተት ሳይሆን በላላ ዳዶ ነውና። በ2003 እስካረፉበት ጊዜ ድረስ ለብዙ ዓመታት የተማሪዎችን ንድፍ ዳኝተዋል። ዊልያም ሚሊከንና ልጃቸው ዳግላስም በ1995 ስለ ሽቅድምድም መኪና እንቅስቃሴ ወደ 900 ገጽ የሚጠጋ መጽሐፍ አሳትመው ለጠያቂው ሌላ ጎተራ ከፈቱ።

መጽሐፍ ያልፈታው አንድ ችግር ግን ቀረ፤ እርሱም ጎማ ነው። መኪናን ከምድር ጋር የሚያገናኘው ጎማ ብቻ ስለሆነ፣ የሞላው ጥንካሬም ሆነ የተሽከርካሪው ዘንበልታ የሚወሰነው ጎማው በምን ያህል ጭነት፣ በምን ያህል ነፋስና በምን ያህል መጣመም ምን ያህል እንደሚይዝ ሲታወቅ ነው። የሚይዝበት ኃይል ደግሞ ጭነቱ በእጥፍ ሲጨምር በእጥፍ አይጨምርም፤ ከዚያ ያንሳል። የሚያንሰው ስንት ነው? ይህን ለማወቅ ጎማውን በሚሽከረከር ሻካራ ቀበቶ ላይ እየጫኑና እያጣመሙ የሚለካ ትልቅ መሣሪያ ያስፈልጋል፤ ኪራዩም ከአንድ የተማሪ ቡድን አቅም በላይ ነው። ስለዚህ ተማሪዎች ለረጅም ጊዜ በግምት ነደፉ፤ ባለሙያን ቢጠይቁም ባለሙያው ለእነዚያ ትንንሽ ጎማዎች የሚሆን ቁጥር በእጁ አልነበረውም።

በ2005 ዳግላስ ሚሊከን፣ ኤድዋርድ ካስፕርዛክና በአርሊንግተን የሚገኘው የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ መምህር ሮበርት ዉድስ አንድ የጎማ መፈተኛ ኅብረት አቋቋሙ። አሠራሩ ከደቦ ብዙም አይርቅም። እያንዳንዱ ዩኒቨርሲቲ አነስተኛ ገንዘብ ያዋጣል፤ በተዋጣው ገንዘብ ጎማዎቹ በቡፋሎ ከተማ ባለው በካልስፓን መሣሪያ ይፈተናሉ፤ ውጤቱም ለአባላቱ ሁሉ ይሰጣል። ልብ ሊባል የሚገባው የሚሰጠው ጥሬው ልኬት መሆኑ ነው። ቁጥሩን አጣርቶ፣ ኩርባ አበጅቶለት፣ ከመኪናው ክብደት ጋር አገናዝቦ ትርጉም የሚያወጣለት ተማሪው ራሱ ነው። ኅብረቱ እህሉን ይሰጣል እንጂ እንጀራውን አይጋግርም። በሜዳ ላይ የሚፎካከሩ ዩኒቨርሲቲዎች በአንድ መዝገብ መጠቀማቸው ፉክክሩን ያደበዝዘዋል ተብሎ ሊፈራ ይችል ነበር፤ ነገር ግን ከአንድ መዝገብ የሚወጡት መኪኖች አንድ ዓይነት አይደሉም።

ሁለተኛው ምሳሌ ከአውስትራሊያ ነው። መኪኖቹ በጽናት ውድድሩ በአማካይ በሰዓት ከ48 እስከ 57 ኪሎሜትር ያህል ስለሚሄዱ፣ በዚህ ፍጥነት የአየር ክንፍ ክብደት ከመሆን በቀር ምን ይጠቅማል የሚል ክርክር ነበረ። የሞናሽ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ሙሉ መኪና በሚያስገባው የነፋስ መፈተኛቸው የለኩትን ይዘው በ2006 ስሌታቸውን በማኅበሩ ጽሑፎች አሳተሙ። ተፎካካሪ ምስጢሩን ሲያወጣ መታየቱ ያስገርም ይሆናል። ሌሎችም እያነበቡ መሥራት ያዙ፤ ክንፍ የሌለው መኪና በግንባር ቀደሞቹ መካከል ብርቅ እየሆነ ሄደ።

ውድድሩ በ1998 በእንግሊዝ፣ በ2006 በጀርመን ሲተከል፣ በ2010ም በጀርመን የኤሌክትሪክ መኪኖች ክፍል ሲጨመር፣ ስለ ምክር የተደነገገው ወሰን አብሮ ተጓዘ። ወሰኑ ከሁሉ ይልቅ የሚያስቸግረው ከሩቅ ባለሙያ ጋር ሳይሆን ከቅርብ ወንድም ጋር ነው። በአሜሪካው ደንብ የተመረቀ ተማሪ ከውድድሩ በፊት ባሉት 7 ወራት ውስጥ የተመረቀ ከሆነ አሁንም አባል ነው፤ መሣል፣ መበየድ፣ መወሰን ይችላል። ከዚያ ቀደም ብሎ የተመረቀው ግን ዕውቀቱ ሳይለወጥ ስሙ ብቻ ከተማሪነት ወደ ባለሙያነት ይለወጣል። ባለፈው ዓመት ሻንሲውን የነደፈው ልጅ ወደ ጋራዡ ሲመለስ፣ ታናናሾቹ የእርሱኑ ሥዕል ዘርግተው ይጠብቁታል፤ እርሱም እርሳሱን ሳያነሣ የአማራጮቹን ጥቅምና ጉዳት ይነግራቸዋል።