ፊደሉ ታረመ፣ ሐሰቱ ግን ቀረ

አበው «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይላሉ። ዊኪፔዲያ የተባለው የኢንተርኔት ኢንሳይክሎፒዲያም የተመሠረተው በዚሁ ብሂል መንፈስ ነው ማለት ይቻላል። ጂሚ ዌልስና ላሪ ሳንገር ጃንዋሪ 15 ቀን 2001 ሲጀምሩት፣ ለዘመናት በጥቂት ሊቃውንት እጅ ይዘጋጅ የነበረውን መድብለ ዕውቀት ለማንኛውም ሰው ክፍት አደረጉት። አንዱ የሚያውቀውን ይጽፋል፣ ሌላው ያርመዋል፣ ሦስተኛው ይጨምርበታል። በሩ ላይ ቆሞ የትምህርት ማስረጃ የሚጠይቅ ማንም የለም። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ለሚሠራ ሰው የተከፈተ በር ግን ለሚያፈርስም ክፍት ነው። ከመጀመሪያዎቹ ዓመታት አንሥቶ ገጹን ባዶ የሚያደርጉ፣ በቁም ነገር መካከል ስድብ የሚሰነቅሩ፣ ቁጥርና ስም እየለዋወጡ የሚዝናኑ ሰዎች አልጠፉም። ታዲያ ይህ ቤት እንዴት ሳይፈርስ ቆየ?

ምስጢሩ በአሠራሩ ውስጥ ይገኛል። ከእያንዳንዱ ገጽ ጀርባ የገጹ ታሪክ የተመዘገበበት መዝገብ አለ። የትኛው ቃል በየትኛው ሰዓት በማን እንደተለወጠ በዚያ ይታያል፤ የቀድሞው ጽሑፍም ሳይጠፋ ተቀምጦ ይቆያል። ስለዚህ አጥፊው አንድ ሙሉ ገጽ ቢደመስስ፣ ያየው ሰው በአንድ ጊዜ ወደ ነበረበት ሊመልሰው ይችላል። በዓለም ላይ ማፍረስ ቀላል፣ መገንባት ከባድ ነው፤ በዚህ ቤት ግን ማቃናቱ ከማፍረሱ እንዲቀል ተደረገ። ብዙ ጸሐፊዎችም የሚከታተሏቸውን ገጾች ዝርዝር ይይዛሉ፤ አንዱ ገጽ ሲነካ ወዲያው ያያሉ። በ2004 የአይቢኤም ተመራማሪዎች የገጾችን ታሪክ መርምረው፣ በጅምላ የተሰረዙ ጽሑፎች ብዙውን ጊዜ በደቂቃዎች ውስጥ እንደሚመለሱ አሳይተዋል።

ይሁን እንጂ ይህ ጥበቃ የሚያስተማምነው ጥፋቱ ሲጮህ ነው። ስድብ ሲጻፍ ማንም ያየዋል። በጨዋ ቋንቋ፣ በተስተካከለ ዐረፍተ ነገር የተጻፈ ሐሰትስ?

የጆን ሲገንታለርን ታሪክ ስሙ። እኚህ ሰው በአሜሪካ ቴነሲ ክፍለ ግዛት፣ በናሽቪል ከተማ በ1927 የተወለዱ ጋዜጠኛ ናቸው። በወጣትነታቸው የዋና ዐቃቤ ሕጉ የሮበርት ኬኔዲ ረዳት ነበሩ። በሜይ 1961 የዘር መድልዎን የሚቃወሙ ወጣቶች በአውቶቡስ አላባማ፣ ሞንትጎመሪ ሲደርሱ አመፀኞች ወረዷቸው። በስፍራው የነበሩት ሲገንታለር ወጣት ሴቶችን ከድብደባው ለማስጣል ሲሞክሩ ራሳቸውን ተመትተው፣ ራሳቸውን ስተው ወደቁ። በ1968 ሮበርት ኬኔዲ ሲገደሉም አስከሬናቸውን ከተሸከሙት መካከል አንዱ ነበሩ።

ሜይ 26 ቀን 2005 ስሙን ያልገለጠ አንድ ሰው በዊኪፔዲያ ላይ የእኚህን ሰው «የሕይወት ታሪክ» ጻፈ። በሁለቱ ኬኔዲዎች፣ በፕሬዚዳንት ጆንና በወንድማቸው በሮበርት ግድያ እጃቸው ሳይኖርበት እንዳልቀረ ተጠርጥረው ነበር አለ፤ ምንም አልተረጋገጠም የሚል ሐረግም አከለበት። ዓመታትን በሶቭየት ኅብረት እንደኖሩም ጻፈ። አንዱም እውነት አልነበረም። ያቺን «አልተረጋገጠም» የምትል ሐረግ ግን ልብ በሉ። ሐሰቱን ሚዛናዊ ያስመሰለችው እርሷ ናት። ወዳጃቸውን ቀብረው የተመለሱ ሰው የወዳጃቸው ገዳይ ሆነው ተጠረጠሩ!

አሁን ወደ ዋናው ነጥብ እንምጣ። ጽሑፉ ከወጣ በሦስተኛው ቀን አንድ አራሚ ገጹን ከፍቶ አየው። አንድ የእንግሊዝኛ ቃል በፊደል ግድፈት ተጽፎ ስላገኘ አስተካከለውና ሄደ። የነፍስ ግድያ ክሱን እንዳለ ተወው። ፊደሉ ታረመ፣ ሐሰቱ ግን ቀረ። ገጹ በዚያ ሁኔታ ለ4 ወራት ያህል ቆየ፤ ከገጹ የታሪክ መዝገብ ሳይቀር እስኪነሣ ደግሞ 132 ቀናት አለፉ። የዊኪፔዲያን ጽሑፍ የሚገለብጡ ሌሎች ድረ ገጾችም ሐሰቱን አባዝተውት ነበር።

የ78 ዓመቱ አዛውንት በኖቬምበር 29 ቀን 2005 በዩኤስኤ ቱዴይ ጋዜጣ ላይ በደላቸውን ለሕዝብ ገለጹ። አንድ የዊኪፔዲያ ተቺም በመዝገቡ ላይ የቀረውን የኢንተርኔት አድራሻ ተከትሎ በናሽቪል ወደሚገኝ አንድ የዕቃ አድራሽ ድርጅት ደረሰ። ጸሐፊው የዚያ ድርጅት ሠራተኛ ነበር። የሥራ ባልደረባውን ለማሳቅ ብሎ እንደጻፈው፣ ገጹንም ማንም ከቁም ነገር የሚቆጥረው እንዳልመሰለው ተናገረ። የይቅርታ ደብዳቤ ይዞ ሄደ፤ ሥራውንም ለቀቀ። ሲገንታለር ምን አደረጉ? አልከሰሱትም። ይልቁንም አሠሪው ወደ ሥራው እንዲመልሰው ለመኑለት። ስለ ሐሰቱ የሚናገሩትን ግን አላለዘቡም፤ ዊኪፔዲያንም በግልጽ መተቸታቸውን ቀጠሉ። ለሰውየው ምሕረት አደረጉ፤ ለሐሰቱ ግን አልራሩለትም። ሁለቱ አብረው መሄድ እንደሚችሉ እኚህ አዛውንት አሳይተውናል።

ቤቱም ከዚህ ተማረ። በዚያው ዲሴምበር በእንግሊዝኛው ዊኪፔዲያ ያልተመዘገበ ሰው አዲስ ገጽ እንዳይከፍት ተከለከለ። በተደጋጋሚ የሚጠቁ ገጾችን ለአዲስ ገቢዎች በከፊል መዝጋት ተጀመረ። በሕይወት ስላሉ ሰዎች የሚጻፍና ስም የሚያጎድፍ ማናቸውም ነገር ምንጭ ከሌለው ወዲያውኑ ይነሣ የሚል ደንብም ወጣ። በ2010 ደግሞ ክሉቦት ኤንጂ የተባለ ፕሮግራም ሥራ ጀመረ፤ ከቀደሙ ጥፋቶች እየተማረ አዲሱን በሴኮንዶች ውስጥ ይመልሳል። ሆኖም ፕሮግራሙ ስድብን እንጂ በጨዋ ቋንቋ የተጻፈ ሐሰትን አጥርቶ መለየት ይከብደዋል። ለዚያ አሁንም «ይህን ማን አለ? ምንጩስ የት አለ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ያስፈልጋል።

ወጣቶች ሆይ፣ ይህ ታሪክ የሩቅ አገር ታሪክ ብቻ አይደለም። የእንግሊዝኛው ዊኪፔዲያ ከ6 ሚሊዮን በላይ ጽሑፎች ሲኖሩት፣ የአማርኛው ወደ 15 ሺህ ገደማ ነው። ጽሑፉ ማነሱ ብቻ አይደለም የሚያሳስበው፤ የሚጠብቀው ዐይንም ጥቂት ነው። በብዙ ሺህ ዐይኖች ፊት ሐሰት 4 ወር ከቆየ፣ ማንም በማይጎበኘው የአማርኛ ገጽ ላይ ስንት ጊዜ ሊቆይ እንደሚችል ገምቱ። የአንድ ዘማሪ፣ የአንድ መምህር፣ የአንድ ከተማ ታሪክ በአንድ ቀልደኛ እጅ ሊወድቅ ይችላል።

ስለዚህ ገጽ ስታነቡ የታሪክ መዝገቡን ክፈቱ። የተበላሸ ስታዩ ወደ ነበረበት መልሱ፤ ለምን እንደመለሳችሁም በአጭሩ ጻፉ። ከአጥፊው ጋር ስድብ አትለዋወጡ፤ የሚፈልገው ያንን ነውና። አስጠንቅቁት፤ ካልተመለሰ ለገጹ አስተዳዳሪዎች አሳውቁ። ከሁሉም በላይ ፊደል ብቻ አርማችሁ አትለፉ። ዐረፍተ ነገሩ ያማረ መሆኑን ሳይሆን እውነት መሆኑን ጠይቁ። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል፤ የሰው ስም በእጃችሁ ሲገባ እንደ አደራ ያዙት።