ዳኛ በሌለበት ሜዳ፦ የአሜሪካ ኮሌጆች ፍሪስቢና የተማሪዎች ቅብብል

ኒው ብረንስዊክ በምትባለው የኒው ጀርሲ ከተማ፣ በራትገርስ ዩኒቨርሲቲ የጂምናዚየም ሕንፃ አጠገብ አንድ የመኪና ማቆሚያ አለ። ሲያዩት ምንም የተለየ ነገር የለውም። በአሜሪካ የኮሌጅ ስፖርት ታሪክ ውስጥ ግን ሁለት ጊዜ ስሙ ይነሣል። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 6 ቀን 1869 ራትገርስና ፕሪንስተን የመጀመሪያውን የኮሌጆች የአሜሪካ ፉትቦል ግጥሚያ ያደረጉት እዚያ ሥፍራ ላይ ነው፤ ያኔ ሜዳ ነበር። ራትገርስ 6 ለ 4 አሸነፈ። ከ103 ዓመት በኋላ፣ በዚያው ወርና በዚያው ቀን፣ በ1972፣ የእነዚሁ ሁለት ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪዎች አስፋልቱ ላይ እንደገና ተገናኙ። የያዙት ግን ኳስ ሳይሆን የፕላስቲክ ሰሃን ነበር። ራትገርስ 29 ለ 27 ረታ፤ አሁንም በሁለት ነጥብ ልዩነት። «አልቲሜት» የሚባለው የፍሪስቢ ጨዋታ በኮሌጆች መካከል የተጀመረው በዚያ ዕለት ነው።

እኔ ስድስት ኪሎ ታሪክ ተምሬ የተመረቅኩ፣ ኑሮ ኒው ጀርሲ ያደረሰኝ ሰው ነኝ። ልጄ ኮሌጅ ገብታ የዚህ ጨዋታ ቡድን አባል ከሆነች ወዲህ ሦስት ጸደይ አብሬያቸው ወደ ውድድር ሄጃለሁ፤ አንዳንዴ ሾፌር፣ አንዳንዴ ሙዝ ተሸካሚ ሆኜ። የታሪክ ተማሪ አመሉ አይለቀውምና ሜዳው ዳር ቆሜ አንድ ጥያቄ ይመላለስብኝ ጀመር። ተጫዋቾቹ በአራትና በአምስት ዓመት ውስጥ ተመርቀው ይሄዳሉ። ደመወዝተኛ አሠልጣኝ የሌላቸው ቡድኖች ብዙ ናቸው፤ ዳኛ የለም፤ ለአብዛኞቹ ስኮላርሺፕ የለም። ታዲያ ይህ ጨዋታ ከ50 ዓመት በላይ እንዴት ሳይቋረጥ ቆየ? ለዘንድሮው መገናኛችን መጽሔት የማቀርበው ይህንኑ ነው። የአሜሪካኑን ዓመታት በእነሱ አቆጣጠር፣ የአገር ቤቱን በእኛው እጽፋለሁ።

መጀመሪያ ሰሃኗ ከየት መጣች? በኮኔቲከት ግዛት፣ ብሪጅፖርት ከተማ፣ ፍሪስቢ የሚባል የፓይ መጋገሪያ ድርጅት ነበር። የዬል ተማሪዎች ፓዩን በልተው ሲጨርሱ የቆርቆሮ ሰሃኑን ይወራወሩበት ነበር ይባላል። የፕላስቲኳን ሰሃን የሠራው ፍሬድ ሞሪሰን ነው። እሱም መብቱን በ1957 ዋም-ኦ ለተባለ የመጫወቻ ኩባንያ ሰጠ፤ «ፍሪስቢ» የሚለውን ስም ያወጣላት ኩባንያው ነው። በ1960ዎቹ ኤድ ሄድሪክ የሰሃኗን ጀርባ በክብ መስመሮች አሻሻለውና በረራዋ ረጋ። ከዚያ ወዲህ አልመው የሚወረውሯት ነገር ሆነች።

ጨዋታውን የፈጠሩት ግን የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ናቸው። በ1968 ጆኤል ሲልቨር የተባለ ልጅ በትምህርት ዕረፍት ካምፕ ውስጥ አንድ የፍሪስቢ ጨዋታ ተማረ። ወደ ትምህርት ቤቱ፣ ሜፕልዉድ ወደሚገኘው ኮሎምቢያ ሃይስኩል ሲመለስ፣ በተማሪዎች ምክር ቤት ስብሰባ ላይ ተነሥቶ «ፍሪስቢ በትምህርት ቤታችን ይግባ» የሚል ሐሳብ አቀረበ። ነገሩ ግማሹ ቀልድ ነበር። ሆኖም የተማሪዎች ምክር ቤትና የትምህርት ቤቱ ጋዜጣ አዘጋጆች ተጋጠሙ። ሲልቨር፣ በዚ ሄልሪንግና ጆን ሃይንስ ደንቡን ጽፈው አሳተሙ። ተማሪዎቹ ማታ ማታ የሚጫወቱት በመኪና ማቆሚያው መብራት ሥር ነበር። በ1970 ከጎረቤታቸው ከሚልበርን ሃይስኩል ጋር ተጋጠሙ። ሲልቨር በኋላ የሆሊውድ ፕሮዲዩሰር ሆነ፤ «ዳይ ሃርድ» እና «ዘ ማትሪክስ» የእሱ ሥራዎች ናቸው።

ከዚያ በኋላ የሆነው ነው ለእኛ ለምሩቃን ቁም ነገሩ። የኮሎምቢያ ልጆች ተመርቀው በየኮሌጁ ተበተኑ። በየሄዱበትም ሰሃኗንና ያቺን ደንብ ይዘው ሄዱ። በ1972 ራትገርስና ፕሪንስተን ሲጋጠሙ በሁለቱም ወገን የዚያ ሃይስኩል ልጆች ነበሩ። በ1975 ዬል ውስጥ 8 የኮሌጅ ቡድኖች የተሳተፉበት ውድድር ተደረገ፤ ራትገርስ ዋንጫውን ወሰደ። በ1979 ተጫዋቾቹ የራሳቸውን ማኅበር አቋቋሙ። በ1984 የኮሌጆች ብሔራዊ ሻምፒዮና ለብቻው ተጀመረ፤ ሴቶቹም ከጥቂት ዓመታት በኋላ የራሳቸውን አገኙ። ማኅበሩ በ2010 ዩኤስኤ አልቲሜት የሚለውን ስም ያዘ። ጨዋታውን ከአንዱ ግቢ ወደ ሌላው ያሸጋገረው የተመራቂ ሻንጣ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ለማያውቁት ጨዋታው እንዲህ ነው። ሰባት ለሰባት ይገጥማሉ። ሜዳው 70 ያርድ በ40 ያርድ ነው፤ በሁለቱም ጫፍ የነጥብ ክልል አለ። ሰሃኗን የያዘ ሰው መሮጥ አይፈቀድለትም፤ ቆሞ ማቀበል አለበት። የሚከላከለው ሰው ፊቱ ቆሞ ጮክ ብሎ እስከ 10 ይቆጥራል፤ ሳይወረውር አሥር ከሞላ ሰሃኗ ለተቃራኒ ትሆናለች። መሬት ከነካች ወይም ከተጠለፈችም እንደዚያው። በጫፉ ክልል ውስጥ የቀለበ ነጥብ አገኘ ማለት ነው። ብዙውን ጊዜ ቀድሞ 15 የሞላ ያሸንፋል። ሰሃኗ 175 ግራም ብቻ ትመዝናለች፤ ስለዚህም ነፋስ የሁሉም ቡድን ተቃራኒ ነው።

ዳኛ የለም ማለት ደግሞ በእውነት የለም ማለት ነው። ፋውል የተሠራበት ሰው ራሱ «ፋውል» ይላል። ሠራ የተባለው ከተስማማ ተስማማ፤ ካልተስማማ ሰሃኗ ወደ ወረወረው ሰው ተመልሳ ጨዋታው ይደገማል። ይህንን ልማድ «የጨዋታው መንፈስ» ብለው በደንባቸው ውስጥ ጽፈውታል። በትልልቅ ውድድሮች ላይ ታዛቢዎች ይቆማሉ፤ የፋውል ክርክር ውስጥ የሚገቡት ግን ተጫዋቾቹ መስማማት ሲያቅታቸው ነው። ለእኛ ሰዎች ይህ ብዙ እንግዳ ነገር አይደለም። የገና ጨዋታ ላይም ጌታና ሎሌ እኩል ይጋፋሉ፤ ጌታው ቅልጥሙን ቢመታ አይቆጣም ይባላል። ልዩነቱ፣ የእኛ ይቅርታ ለአንድ የበዓል ቀን ነው፤ የእነሱ ግን በጽሑፍ ሰፍሮ ዓመቱን ሙሉ ይሠራል።

አሁን ወደ ቅዳሜና እሑዱ ውድድር ልምጣ፤ የቅብብሉ ምሥጢር ያለው ዝግጅቱ ውስጥ ነውና። አልቲሜት በአብዛኞቹ ኮሌጆች «የክበብ ስፖርት» ነው። ዩኒቨርሲቲው ሜዳና ትንሽ ገንዘብ ቢሰጥ ነው፤ የቀረውን ተማሪዎቹ ያዋጣሉ። ውድድሩን መርጦ የሚመዘግበው፣ መኪና የሚከራየው፣ ሞቴል የሚይዘው፣ ማን በየትኛው ክፍል እንደሚያድር የሚደለድለው አምበሉ ነው። አምበሉ ደግሞ የኬሚስትሪ ፈተና ያለበት የ21 ዓመት ልጅ ነው። ልምምዱም በሚመች ሰዓት አይደለም፤ ዋናዎቹ የዩኒቨርሲቲው ቡድኖች ሜዳውን ሲለቁ፣ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በኋላ፣ በመብራት ነው።

የውድድሩ ሳምንት ሲደርስ ነገሩ ይከራል። ቅዳሜ የምድብ ጨዋታ ነው፤ ሦስት ወይም አራት ግጥሚያ በአንድ ቀን። እሑድ ጥሎ ማለፍ ነው። ሁለት ቀን ሙሉ ሲሮጥ የሚውል ቡድን በሰባት ሰው አይዘልቅም፤ 20 እና ከዚያ በላይ ሰው ያስፈልገዋል። ስለዚህ አምበሏ ትልቁ ሥራዋ ሰው መመደብ ነው። ሰሃን ተቀባይ ሲሆኑ የሚገቡት አንድ ወገን፣ ሰሃን ነጣቂ ሲሆኑ የሚገቡት ሌላ ወገን። ረጋ ብለው የሚያቀብሉት ኋላ ይቆማሉ፤ ሯጮቹ ፊት ተሰልፈው በተራ እየተነጠሉ ይሮጣሉ። ሐሙስ ማታ ስለ ነፋሱ ይነጋገራሉ። ነፋስ ከበረታ ሰው በሰው መያዙን ትተው ሜዳውን ተካፍለው ይከላከላሉ፤ ተቃራኒው ብዙ እንዲወረውርና እንዲሳሳት ነው። ልጄን መኪና ውስጥ ስጠይቃት «አባዬ፣ በነፋስ ቀን የሚያሸንፈው ጎበዙ አይደለም፣ የማይቸኩለው ነው» አለችኝ። ይህንን ማን አስተማረሽ ብላት፣ አምና የተመረቀችውን አምበል ጠራችልኝ። ያቺ ደግሞ ከእሷ በፊት ከነበረችው የሰማችው ነው።

ዓርብ ማታ ዕቃ ሲጫን ያየሁት አንድ ነገር አለ። ከታኬታው፣ ከውኃው ጆግና ከኦቾሎኒ ቅቤው ጋር አንድ የተጎሳቆለ ደብተር አብሮ ይጫናል። የቀድሞ አምበሎች በየዓመቱ ጽፈውበታል። የትኛው የውድድር ሜዳ ከሰዓት በኋላ ነፋስ እንደሚበዛበት፣ የትኛው ሞቴል ቀድሞ ክፍያ እንደሚጠይቅ፣ አዲስ ልጅ መጀመሪያ ምን መማር እንዳለባት፣ ሁለት ተጫዋቾች ሲኳረፉ ምን ማድረግ እንደሚሻል። የእጅ ጽሕፈቱ በየሁለት ገጹ ይለወጣል። እኔ መዝገብ ቤት ገብቼ ሰነድ ስበረብር የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ያንን ደብተር ሳገላብጥ አንድ ተቋም በእጄ እንደያዝኩ ነው የተሰማኝ።

ነገሩን ጽድቅ ብቻ አላደርገውም። ክርክር አለ፤ ፋውል ያልሆነውን ፋውል የሚል አለ፤ ግጥሚያ ሲያልቅ ፊቱን አዙሮ የሚሄድ አለ። በ2012 የተጀመረው የደመወዝተኞች ሊግ ዳኛ አስገብቷል፤ ኮሌጆቹም ያስገቡ የሚሉ አልጠፉም። ግን ባለፈው ጸደይ እሑድ ጠዋት፣ ሊሸነፉ አንድ ነጥብ ሲቀራቸው፣ የልጄ ቡድን ጓደኛ ጥግ ላይ ተወርውራ ቀለበች። ጓደኞቿ እየጮኹ ወደ እሷ ሮጡ። እሷ ግን ተነሥታ ጉልበቷን አራገፈችና «ውጭ ነበርኩ» አለች። በቅርብ ያየ ሌላ ሰው አልነበረም። ሰሃኗ ለተቃራኒ ሆነች፤ በዚያው ተሸነፉ። ማታ ወደ ቤት ስንመለስ መኪናው ውስጥ ስለዚያ ያነሣ የለም፤ የተከራከሩት እራት የት እንብላ በሚለው ነው። ያ ዝምታ ነው የገረመኝ። ለእነሱ የሚወራ ጀግንነት አልነበረም፤ ያለ ዳኛ መጫወት ማለት እንዲያ ነውና።

እዚህ ላይ ወደ ራሳችን ልመለስ። በእኛም ግቢ ተማሪ ራሱን የሚያስተዳድርበት ዘመን ነበር። ከእኛ የቀደሙት ትውልዶች ማኅበራቸውን ራሳቸው ይመሩ፣ ጋዜጣቸውን ራሳቸው ያዘጋጁ፣ በኮሌጅ ቀን ግጥማቸውን በሕዝብ ፊት ያነቡ ነበር። ያ ሁሉ ከሲኒየር ወደ ፍሬሽማን የሚወርድ ልምድ ነበር። በ1967 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲው ተዘግቶ፣ ከሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ጋር 60 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን ለእድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ ገጠር ወጡ። ከዚያ ቀይ ሽብር ተከተለ። ብዙዎቹ ወደ ግቢ አልተመለሱም። የሞቱትን እናስታውሳለን፤ ልናስታውስም ይገባል። የማንቆጥረው ግን ሌላ ኪሳራ አለ፦ ደብተሩን የሚያቀብል ሰው ጠፋ። ስብሰባ እንዴት ይመራል፣ መዋጮ እንዴት ይያዛል፣ የተጣሉ ጓደኞች ሌላ ሰው ሳይጠሩ እንዴት ይታረቃሉ የሚለው በመጽሐፍ የሚገኝ ዕውቀት አይደለም። ጂሲው ለፍሬሹ ካልነገረው አዲሱ ልጅ ከዜሮ ይጀምራል።

ለዚህ ነው በመገናኛችን ላይ ከፎቶና ከምሳው ባሻገር አንድ ነገር እንድንሠራ የምጠይቀው። እያንዳንዱ ባች አንድ ደብተር ይጻፍ። የጀግንነት ታሪክ ሳይሆን ተግባሩን፦ የትኛውን ክበብ እንዴት እንዳቋቋምን፣ በምን እንደፈረሰ፣ በዶርም የጋራ ኑሮን እንዴት እንደዳኘን፣ የጥናት ቡድናችን ለምን እንደሠመረ። በሕይወት ያሉት የ1960ዎቹ ታላላቆቻችን ቀድመው ይጻፉ፤ ጊዜ አይጠብቅም። አሁን በማስተማር ላይ ያላችሁ መምህራንም ደብተሮቹን ተቀብላችሁ ተማሪዎቹ እጅ አድርሱልን፤ ካደረሳችሁ በኋላ ደግሞ እባካችሁ ትንሽ ገለል በሉላቸው። የመኪና ማቆሚያ ላይ የተጀመረ ጨዋታ ግማሽ ምዕተ ዓመት የዘለቀው ትልልቆቹ ስለመሩት አይደለም። ተማሪው የራሱን ጉዳይ ራሱ እንዲዳኝ ስለተተወ፣ የሚሄደውም ለሚመጣው ጽፎ ስለተወለት ነው።