በረካ፦ በኩንያ የተሸፈነ ስም

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱሁ። በዚህ ሰላምታ መጨረሻ ያለውን ቃል በቀን ስንት ጊዜ እንደምንናገረው ቆጥረን አናውቅም። ማዕድ ሲቀርብ በረካ እንዲኖረው እንለምናለን፤ ለሙሽሮች ዱዓእ ስናደርግም ከአፋችን አይጠፋም። በመድረሳዎቻችን የሴት ተማሪዎች መዝገብ ላይ ብንፈልገው ግን አናገኘውም ማለት ይቻላል። ፋጡማ፣ ኸድጃ፣ ዘይነብ፣ ሐሊማ፣ መዲና ሞልተዋል። በረካ የምትባል ልጅ ብርቅ ናት። ስሙ የማን እንደነበር ስናስታውስ ደግሞ ነገሩ ይበልጥ ይገርማል፤ መልእክተኛውን (ሰ.ዐ.ወ) በጉያዋ ይዛ ያሳደገች የሐበሻ ሴት ስም ነበርና።

አስቀድመን ቃሉን እንይ። ኢማም አር-ራጊብ አል-አስፈሃኒ የቁርኣንን ቃላት በፈቱበት ኪታባቸው ነገሩን ከግመል ደረት ይጀምሩታል። ግመል ተንበርክኮ ደረቱን መሬት ላይ ሲያሳርፍ «በረከ» ይባላል፤ ውሃ ተጠራቅሞ የሚቆይበት ገንዳም «ቢርካ» ነው። እንግዲህ በረካ ማለት መልካም ነገር መጥቶ መርጋቱ፣ ሳይሸሽ መቀመጡ ነው። የእኛም «ተንበረከከ» እና «በረከት» የዚሁ ሥር ዘመዶች ናቸውና ስሙ ለሐበሻ ጆሮ እንግዳ አይደለም።

በጃሂሊያ ዘመን ዐረቦች ስም ሲያወጡ አንድ ልማድ ነበራቸው። ለገዛ ወንድ ልጆቻቸው ሐርብ (ጦርነት)፣ ከልብ (ውሻ)፣ ሰኽር (ድንጋይ) የመሰሉ ከባድ ስሞችን ያወጡ ነበር። ለባሪያዎቻቸው ግን የሳር (ምቾት)፣ ረባሕ (ትርፍ)፣ ናፊዕ (ጠቃሚ)፣ በረካ የመሰሉትን ይመርጣሉ። ምክንያቱን ሲጠየቁ የልጆቻችን ስም ለጠላቶቻችን፣ የባሪያዎቻችን ስም ለራሳችን ነው ይሉ እንደነበር የቋንቋ ሊቃውንት ጽፈዋል። ጠላት ስሙን ሰምቶ እንዲፈራ፣ ጌታውም ጠዋት አገልጋዩን ሲጠራ ጆሮው መልካም ገድ እንዲሰማ ነው። የቢላል (ረ.ዐ) አባት ስም ረባሕ መሆኑን ልብ በሉ።

በረካ ቢንት ሠዕለባም ስሟን ያገኘችው በዚህ ዓለም ውስጥ ነው። ኢማም ሙስሊም በሶሒሓቸው ከኢብኑ ሺሃብ አዝ-ዙህሪ እንዳስተላለፉት፣ የነቢዩ አባት የዐብዱላህ አገልጋይ ነበረች፤ ትውልዷም ከሐበሻ ነበር። ዐብዱላህ ልጁ ሳይወለድ ሞተ። አሚና ስትወልድ ሕፃኑን ታቅፋ ያሳደገችው እርሷ ናት። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የስድስት ዓመት ልጅ ሳሉ እናታቸው በመካና በመዲና መካከል በአብዋእ ስትሞትም፣ ሙት ልጁን ይዛ ወደ መካ የተመለሰችው በረካ ነበረች። ካደጉ በኋላ ነፃ አወጧት፤ ቆይተውም ለዘይድ ኢብኑ ሓሪሣ (ረ.ዐ) ዳሯት፤ ኡሳማም ተወለደ። ከቀድሞው ባሏ የወለደችው ልጅ አይመን ይባል ነበር። በ8 ዓ.ሂ. በሑነይን ዘመቻ ሸሂድ የሆነው እርሱ ነው። «ኡሙ አይመን» የሚለው ኩንያ ከዚህ ልጅ መጣና ዋናውን ስም ሸፈነው።

በመልእክተኛው ዘንድ የነበራት ቦታ የሚታየው በትልልቅ ንግግሮች ብቻ አይደለም፤ በአንድ የተምር ዛፍ ክርክርም ይታያል። ቡኻሪና ሙስሊም እንደዘገቡት፣ አንሷሮች በስጦታ ያዋሷቸውን የተምር ዛፎች ነቢዩ መመለስ በጀመሩ ጊዜ፣ የአነስ (ረ.ዐ) ቤተሰቦችም የራሳቸውን እንዲጠይቅ ላኩት። ዛፎቹ ግን ለኡሙ አይመን ተሰጥተው ነበር። መጥታ ልብሷን በአነስ አንገት ላይ ጠመጠመችና ለእኔ ከሰጡኝ በኋላ ወላሂ አይሰጡህም አለች። መልእክተኛው አልተቆጧትም። ይህን ያህል ልተካልሽ ይሏታል፤ እርሷ እምቢ ትላለች፤ እንደገና ይጨምራሉ። እንዲህ እያሉ የዛፎቹን ዐሥር እጥፍ ወይም ወደዚያ የሚጠጋ እስኪሰጧት ደረሱ። እናት ልጇን እንደምትሞግት የሞገተቻቸው የቀድሞ ባሪያ ናት።

ከእርሳቸው ሞት በኋላ አቡበክርና ዑመር (ረ.ዐ) ሊጠይቋት ሄዱ፤ አለቀሰች። አላህ ዘንድ ያለው ለመልእክተኛው እንደሚሻል አላውቅም ብዬ አይደለም፣ ከሰማይ ይወርድ የነበረው ወሕይ በመቋረጡ ነው ስትላቸው እነርሱም አብረዋት አለቀሱ።

ታዲያ ስሙ ለምን ብርቅ ሆነ? አንድ ሐዲሥ አለ። ጃቢር (ረ.ዐ) እንዳስተላለፉት፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በረካ፣ አፍለሕ፣ የሳር፣ ናፊዕ በመሳሰሉት ስሞች መጥራትን ሊከለክሉ አስበው ነበር፤ ከዚያ ዝም አሉ፤ ሳይከለክሉም ዐረፉ። ዑመርም (ረ.ዐ) ሊከለክሉ አስበው ተዉት። ስጋቱ በሰሙራ (ረ.ዐ) ሐዲሥ ተብራርቷል፦ «እዚያ አለ?» ተብሎ ሲጠየቅ «የለም» ይባላል። በረካ አለች? የለችም። ጆሮ ይህን ሰምቶ መጥፎ ገድ እንዳያደርገው ነው። ኢማም አን-ነወዊም ጥላቻው ወደ ሐራም እንደማይደርስ አብራርተዋል። የኢብኑ ዑመር ነፃ የወጣ አገልጋይና ታላቁ የሐዲሥ አስተላላፊ ናፊዕ ደግሞ በዚያው ስሙ ኖሮ ሞተ።

እንደኛ እይታ ግን ስሙን ያራቀው ሐዲሡ ብቻ አይደለም። የባርነት ጥላ አለበት። ወደ ሐበሻ ከተሰደዱት መካከል ሲራ የሚያወሳት ሌላዋ በረካ የአቡ ሱፍያን ነፃ የወጣች አገልጋይ ነበረች፤ አባቷም የሳር ይባላል፤ ሁለቱም ከዚያ የስም ዝርዝር ውስጥ ናቸው። የሶሓቢያትን ስም ለልጆቻችን ስንመርጥ ዓይናችን በቁረይሽ ሴቶች ላይ የሚያርፈው፣ ከገዛ ምድራችን የሄደችውን የሚዘለው ለምን ይሆን? ይህን እያንዳንዱ ቤት ራሱን ይጠይቅ።

ስሙ ጨርሶ አልጠፋም። በካይሮ ደርብ አል-አሕመር ሰፈር በ770 ዓ.ሂ. (እ.ኤ.አ. 1368/69) የተሠራ የሚያምር መድረሳ አለ፤ የመምሉኩ ሱልጣን ሸዕባን እናት የኸዋንድ በረካ ነው። ሕዝቡ ግን ሕንፃውን የሚጠራው «የሱልጣን ሸዕባን እናት» ብሎ ነው፤ እዚህም ላይ ልጁ የእናቱን ስም ሸፈነው። በስዋሂሊ ተናጋሪዎች ዘንድ ደግሞ ስሙ በብዛት ወደ ወንዶች ዞሯል።

ከምናውቃቸው እናቶች አንዷ ይህን ሁሉ ሰምታ ለሴት ልጇ በዐቂቃዋ ዕለት በረካ የሚለውን ስም አወጣችላት። ታላላቆቿንም አንድ ነገር አስጠናቻቸው፦ ሰው በር ላይ ቆሞ «በረካ አለች?» ካለ «የለችም» አትበሉ፤ «ወጣ ብላ ነው፣ አሁን ትመጣለች» በሉ።