ይዘትና ቅርፅ በኅትመት ታሪክ

የይዘትና የቅርፅ ዝምድና በኪነ ጥበብ መድረክ ብዙ ያከራከረ ጉዳይ ነው። ሆኖም ይኸው ጥያቄ በማተሚያ ቤት ውስጥ የተጓዘበትን መንገድ ልብ ያልነው ጥቂቶች ነን።

የብራና ጸሐፊዎቻችን በሁለት ቀለም ይጽፉ ነበር። ጥቁሩ ለዋናው ቃል፣ ቀዩ ለክፍል መነሻና ለቅዱሳን ስም ይውል ነበር። ስለዚህም ቀዩ ቀለም ጌጥ ብቻ ሳይሆን የቃሉን ማዕርግ ለአንባቢ የሚያስታውቅ ምልክት ነበር።

በእርሳስ ፊደል ዘመን አዘጋጁ በረቂቁ ኅዳግ ላይ «ይህ ይጉላ፣ ያ ይነስ» እያለ ያመለክት፣ ፊደል ለቃሚውም በእጁ ይፈጽም ነበር። ኮምፒዩተር ወደ ኅትመት ሥራ ሲገባ ግን ትእዛዙ በጽሑፉ መካከል የሚሰነቀር የመሣሪያ ቋንቋ ሆነ። በመሆኑም ለአንዱ መሣሪያ የተሰናዳው ሰነድ ለሌላው ባዕድ ሆነ፤ መሣሪያው በተለወጠ ቁጥር ድካሙ እንደ አዲስ ይጀመር ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1967 ዊሊያም ተኒክሊፍ በካናዳ መንግሥት ማተሚያ ቤት በተደረገ ስብሰባ ላይ የሰነድ ይዘት ከመልኩ ይለይ የሚል ሐሳብ አቀረበ። በ1969 በአይ.ቢ.ኤም. ኩባንያ የሕግ ቢሮ ሰነዶችን ለማቀነባበር የተሰማሩት ጎልድፋርብ፣ ሞሸርና ሎሪ ሐሳቡን በሥራ ላይ አዋሉት። የፈጠሩት ቋንቋ ጂ.ኤም.ኤል. የተባለው በሦስቱ ስም የመጀመሪያ ፊደላት ነው። በዚህ ቋንቋ ጸሐፊው «ይህ ርእስ ነው፣ ይህ አንቀጽ ነው» ብሎ የክፍሉን ማንነት ይሰይማል፤ መጠኑንና ቦታውን የሚወስነው ለብቻው የተደነገገ ሥርዓት ነው። ሥርዓቱ ሲለወጥ ሰነዱ ሳይነካ መልኩ ይለወጣል። ከዚህ ሐሳብ ያደገው ኤስ.ጂ.ኤም.ኤል. በ1986 ዓለም አቀፍ ደረጃ ሆኖ ጸደቀ።

በሌላ በኩል ዶናልድ ክኑዝ የመጽሐፉ የእርማት ገጾች መልክ ስላላስደሰተው በ1977 ቴክ የተባለውን ሥርዓት መንደፍ ጀመረ። ቴክ መስመርን በተናጠል ሳይሆን የአንቀጹን መስመሮች በአንድነት መዝኖ ይከፍላል። ሌስሊ ላምፖርት በ1980ዎቹ በዚሁ ላይ ላቴክን ሲገነባ፣ ጸሐፊው ምዕራፍና ክፍል ብቻ ሰይሞ የቀረውን ለመሣሪያው መተው ቻለ።

ተውኔት ጸሐፊ የተናጋሪውን ስም፣ ቃለ ተውኔቱንና የመድረክ መግለጫውን ለይቶ ሲጽፍ የኖረ ነውና ነገሩ እንግዳ አይሆንበትም። ለገጣሚው ግን አደጋ አለው። የስንኝ መድረሻ የገጽ ስፋት ያመጣው አጋጣሚ ሳይሆን የትርጉም አካል ነው። ስንኙ ስንኝ ተብሎ ካልተሰየመ መሣሪያው እንደ ስድ ንባብ ቆጥሮ ከተከታዩ ጋር ያያይዘዋል፤ ቅርፁ ሲፈርስ ይዘቱም አብሮ ይጎድላል። እንግዲህ ይዘት ከቅርፅ የሚለየው ለሥራ ክፍፍል ያህል እንጂ በባሕርዩ አይደለም።

የጥንቱ ጸሐፊ ቀዩን ቀለም ከማንሣቱ በፊት የትኛው ቃል እንደሚገባው ያውቅ ነበር። ይህን ለይቶ መሰየም ዛሬም የደራሲው ኃላፊነት ነው።