የእሳተ ገሞራ የጎን ፍንዳታ፣ የማግማ እንቅስቃሴና ርእደ መሬት በኢትዮጵያ ስምጥ ሸለቆ

የጎን ፍንዳታ የሚባለው ከምድር ውስጥ የሚመጣ ቅልጥ ዓለት በእሳተ ገሞራው ጫፍ ላይ ባለው ዋና አፍ ሳይሆን፣ በተራራው ወገብ፣ በግርጌው ወይም ከዚያ አልፎ ሜዳ ላይ በሚከፈት ስንጥቅ በኩል ወደ ገጸ ምድር ሲወጣ ነው። ቅልጡ ዓለት ከመሬት በታች ሳለ ማግማ፣ ከወጣ በኋላ ላቫ ይባላል። በመተሐራ አጠገብ በሚገኘው በፈንታሌ ተራራ፣ እ.ኤ.አ. በ1820 ገደማ ወጥቶ እስከ ዛሬ ጥቁር ሆኖ የሚታየው ላቫ የፈሰሰው ከተራራው ጫፍ ሳይሆን በደቡባዊ ጎኑ ከተከፈተ ረጅም ስንጥቅ ነበር። በአፋር የሚገኘው ኤርታሌም እ.ኤ.አ. በጥር 2017 የላቫ ሐይቁ ሞልቶ ከፈሰሰ በኋላ ጎኑ ተከፍቶ፣ ከጫፉ 7 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ርቆ ላቫ መውጣት ሲጀምር፣ የሐይቁ ወለል በአንጻሩ በብዙ ሜትሮች ወርዷል።

ማግማ ወደ ላይ ብቻ የሚጓዝ ቢሆን ኖሮ የጎን ፍንዳታ ባልኖረ ነበር። ከጥልቀት የሚመጣው ማግማ በዙሪያው ካለው ዓለት ስለሚቀልል ወደ ላይ ይነሣል፤ ክብደቱ ከአካባቢው ዓለት ጋር ወደሚመጣጠንበት ጥልቀት ሲደርስ ግን መነሣቱን ገታ አድርጎ ይጠራቀማል። ግፊቱ ሲበረታ ግድግዳውን ሰንጥቆ ይወጣና፣ ቁመቱ ኪሎ ሜትሮች፣ ርዝመቱም አንዳንዴ አሥርት ኪሎ ሜትሮች፣ ውፍረቱ ግን ጥቂት ሜትር የሆነ የቆመ ሰሌዳ መሰል ስንጥቅ ይሞላል፤ ይህም ዳይክ ይባላል። ዳይክ የሚከፈተው መሬቱ በቀላሉ በሚለጠጥበት አቅጣጫ ነው። የኢትዮጵያ ዋናው ስምጥ ሸለቆ በዓመት 5 ሚሊ ሜትር ገደማ ወደ ምሥራቅና ወደ ምዕራብ እየተለያየ ስለሚሄድ፣ ዳይኮቹ በአብዛኛው ከሰሜን ሰሜን ምሥራቅ ወደ ደቡብ ደቡብ ምዕራብ ይዘረጋሉ፤ በጎን የሚፈነዱት ትናንሽ ጉብታዎችም በዚሁ መስመር ተሰልፈው ይታያሉ።

ርእደ መሬት ከዚህ ጉዞ ጋር የሚገናኘው በተለያየ መንገድ ነው። በዳይኩ ፊት ያለው ዓለት ሲሰነጠቅ ትናንሽና ድንገተኛ ንዝረቶች ይፈጠራሉ፤ መነሻቸው በየሰዓቱ ሲከታተሉት ከቦታ ወደ ቦታ ስለሚሸጋገር የማግማውን መንገድ ያሳያል። ከዳይኩ በላይ ያለው መሬት ሲለጠጥ ደግሞ ነባር ስብራቶች ይንሸራተታሉ፤ በሰው ዘንድ የሚሰማው ትልቁ ርእደ መሬት በአብዛኛው ከዚህ የሚመጣ ነው። ፈሳሽና ጋዝ በስንጥቆች ውስጥ ሲያልፉ የሚፈጥሩት ረገብ ያለ ንዝረት ሦስተኛው ዓይነት ሲሆን፣ ሳያቋርጥ ከቀጠለ ማግማው ወደ ገጸ ምድር መቃረቡን ሊጠቁም ይችላል።

ከሁሉ ይልቅ የዳባሁ እሳተ ገሞራ ክስተት ይህን በግልጽ አስተምሯል። እ.ኤ.አ. ከመስከረም 14 እስከ ጥቅምት 4 ቀን 2005 በአፋር በመጠን ከ3.9 በላይ የሆኑ 163 ርእደ መሬቶች ተመዘገቡ፤ በመካከሉም መስከረም 26 ቀን በዳባሁ ጎን፣ ዳኡሬ በተባለው ቦታ፣ መሬት ተከፍቶ አመድ ወጣ። የሳተላይት ራዳር መሬቱ ከክስተቱ በፊትና በኋላ የነበረውን ቅርጽ ሲያነጻጽር፣ 60 ኪሎ ሜትር የሚረዝምና በአንዳንድ ቦታ እስከ 8 ሜትር የተከፈተ ዳይክ መግባቱ ታወቀ። ከመሬት በታች ከገባው ብዙ ማግማ ጋር ሲነጻጸር በዳኡሬ የወጣው እጅግ ጥቂት ነበር። ርእደ መሬቶቹም ቢሆኑ መሬቱ ካደረገው እንቅስቃሴ ትንሹን ክፍል ብቻ ነው የሚወክሉት፤ አብዛኛው መከፈት ያለ ጉልህ ንዝረት ተከናውኗል። እ.ኤ.አ. እስከ 2010 ድረስ በዚያው ስፍራ ከአሥር የሚበልጡ ሌሎች ዳይኮች ሲገቡ፣ ላቫ እስከ ገጸ ምድር የደረሰው በጥቂቶቹ ብቻ ነው።

እ.ኤ.አ. ከመስከረም 2024 ጀምሮ በፈንታሌና በዶፈን ተራሮች መካከል የታየው ክስተትም ይህንኑ ያጠናክራል። ርእደ መሬቱ ለወራት ቀጥሎ የካቲት 14 ቀን 2025 በመጠን 6.0 ደርሶ፣ አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቷል፤ በአፋርና በኦሮሚያ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ከቤታቸው ተነሥተዋል። በዶፈን እንፋሎትና ጭቃ ከመውጣቱ በቀር ግን ላቫ አልታየም። ሕዝቡን ማንሣቱ ስሕተት ነበር ማለት አይደለም። የንዝረት መብዛት ማግማ ወዴት እንደሚሄድ ይናገራል እንጂ ይወጣ አይወጣ እንደሆነ አይናገርም፤ ቤትን የሚያፈርሰው ደግሞ ላቫ ሳይሆን ራሱ መንቀጥቀጡ ሊሆን ይችላል። በተቃራኒው እ.ኤ.አ. በግንቦት 2018 በሐዋይ የኪላዌያ እሳተ ገሞራ ማግማ በጎን 40 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ በመንደሮች መካከል ፈንድቶ፣ ከ700 በላይ ቤቶችን አጥፍቷል።

ወደ ደቡባዊው የኢትዮጵያ ስምጥ ሸለቆ ስንመለስ፣ የጌዴኦ ዞን ከተማ ዲላ የምትገኘው በሸለቆው ምሥራቃዊ ጠርዝ ላይ፣ ከአባያ ሐይቅ በላይ ነው። ቡናና እንሰት የሚበቅልበት የጌዴኦ ደጋ ከሚሊዮኖች ዓመታት በፊት በወጣ እሳተ ገሞራዊ ዓለት ላይ የተፈጠረ አፈር ያለው ሲሆን፣ በዞኑ ውስጥ ንቁ የሚባል እሳተ ገሞራ የለም። በሸለቆው ወለል ግን በአባያና በጫሞ ሐይቆች መካከል፣ የእግዜር ድልድይ በሚባለው ስፍራ፣ የቶሳ ሱጫ ወጣት ጉብታዎች አሉ፤ በሰሜን በሐዋሳ አጠገብ ያለው የኮርቤቲ ካልዴራም፣ ማለትም በጥንት ፍንዳታ የተደረመሰ ሰፊ ጎድጓዳ፣ እ.ኤ.አ. ከ2009 እስከ 2017 በተደረገ ልኬት በዓመት ከ6 ሴንቲ ሜትር በላይ ከፍ ሲል ታይቷል። ይህ ከፍታ ማግማ ወይም ሙቅ ፈሳሽ ከሥር እየተጠራቀመ መሆኑን የሚጠቁም እንጂ የፍንዳታ ቀን የሚቆርጥ አይደለም። ቢሆንም በደቡባዊው ስምጥ ሸለቆ የሚተከሉ የርእደ መሬት መለኪያዎች በካልዴራው መካከል ብቻ ተወስነው መቅረት የለባቸውም፤ በጎኖቹና በስብራቶቹ መስመር ሊዘረጉ ይገባል፤ የዲላና የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲዎችም ለዚህ ሥራ ቅርብ ናቸው።