ከዙፋን እስከ በርጩማ

የአንድን ዘመን ሥርዓት ለማወቅ ቢወዱ፥ ሰው በምን ላይ እንደሚቀመጥ ይመልከቱ።

በ1864 ዓ.ም. የነገሡት ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ መቀሌን መናገሻ ባደረጉ ጊዜ፥ ኢጣሊያዊው አናጢ ጃኮሞ ናሬቲ በቤተ መንግሥቱ ሥራ ተካፈለ፤ የእንጨቱንም ዙፋን ያበጀ እርሱ ነው። ዙፋን ለአንድ ሰው የሚሠራ ስለ ሆነ ቁመቱ አይለወጥም፤ ለማንም ብሎ ዝቅ አይልም።

በርጩማ ግን የሁሉ ነው። የጅማ ጠራቢዎች ከአንድ ግንድ ሦስት እግር አድርገው ያወጡታል፤ ሦስት እግር ያለውም መቀመጫ ባልተስተካከለ መሬት ላይ አይናጋም። ጉድለቱ ቁመቱ አንድ ብቻ መሆኑ ነው። ይህን ጉድለት የአውሮፓ አናጢዎች በብሎን አቃለሉት፤ ይኸውም በ19ኛው መቶ ዓመት የነበረው የፒያኖ መቀመጫ ሲያዞሩት ከፍና ዝቅ ስለሚል፥ ልጅም አባትም በአንዱ ይቀመጡበት ነበር።

የመቀሌ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2009 ዓ.ም. ተመርቆ የልብስ ስፌት ሥራ ገባበት፤ በ2013 ዓ.ም. በተነሣው ጦርነት ግን ሥራው ተቋረጠ። በስፌት መኪና ፊት የሚውል ሠራተኛ፥ መቀመጫው ከፍ ቢልበት ጭኑ ይደነዝዛል፤ ዝቅ ቢልበትም ወገቡ ይጎብጣል። አጭሩም ረጅሙም በአንድ መኪና ላይ ሲፈራረቁ፥ ቁመቱ የሚስተካከል በርጩማ የጤና ጉዳይ ይሆናል።

እንግዲህ ለመሥሪያ ቤትዎ ዕቃ ሲያስገዙ ከዋጋው ጋር ቁመቱንም ይጠይቁ። ዙፋን ሰውን በማዕረጉ ያከብራል፤ የሚስተካከል መቀመጫ ግን በሰውነቱ ያከብረዋል።